በጋራዤ የተጣደው አረቄ

በመጠጥ ጉዳይ እኔን የሚያህል አክራሪ በመላው ላስ ቬጋስ አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በዚህ ከተማ አክራሪ ሆኖ መኖር ደግሞ እንዲህ ቀላል አይምሰላችሁ። ሥራዬ ዘ ስትሪፕ በሚባለው የካዚኖዎች ጎዳና ላይ ባለ አንድ ትልቅ ካዚኖ በር ላይ ቆሞ የእንግዶችን መኪና ተቀብሎ ማቆም ነው። ሞቅ ብሎት የሚመጣው ቁልፉን ይሰጠኛል፤ ጨርሶ ሰክሮ የሚወጣው ቲፕ ይሰጠኛል። እሑድ ሲሆን በአማርኛ በምናመልክባት ቤተ ክርስቲያናችን መድረክ ላይ ቆሜ ስለ መጠጥ ክፋት አስተምራለሁ። ሁለቱ ነገሮች እርስ በርስ እንደሚጋጩ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቢነግረኝም የምሰማ ሰው አልነበርኩም።

ልጄ ሩት ዳዊት የሚባል ነርስ ወደደች። ልጁ ሥርዓት ያለው፣ ሰው አክባሪ፣ ሥራውን የሚወድ ነው። ኦርቶዶክስ ነው፣ እኛ ደግሞ ጴንጤዎች፤ እሱንም ቢሆን እየመረረኝ እውጠው ነበር። ችግሬ እናቱ ነበሩ። ወይዘሮ ዘውድነሽ በሱዳን በኩል በስደት መጥተው እዚህ የከረሙ፣ ሜዲካል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ በጽዳት ሥራ ዕድሜያቸውን የገፉ፣ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ይህ ሁሉ መልካም። ነገር ግን ለማኅበር፣ ለክርስትና፣ ለለቅሶ ሲባል ቤታቸው ውስጥ አረቄ ያወጣሉ። አሜሪካ ደግሞ በቤት ውስጥ አረቄ ማውጣትን ትከለክላለች። ስለዚህ በእኔ ሚዛን ሴትዮዋ በሰማይም በምድርም ጥፋተኛ ነበሩ።

የዳዊት ወገኖች በወጉ ሽማግሌ ላኩ። ሦስት ናቸው፦ አንድ ቄስ፣ አንድ ዝምተኛ የክርስትና አባት፣ እና የሁሉም አፍ የሆኑት ጋሽ ታደሰ፣ ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጡ "ላስብበት" ብዬ መለስኳቸው። ይህ ወግ ነው፤ ማንም አይቀየምም። ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ግን አፌ አመለጠኝ።

"እኔ ልጄን ለአረቄ አውጪ ቤት አልድርም!" አልኩ።

ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዙረው አዙረው፣ "ጌታሁን፣ አንተ ቲፕህ ከየት የሚመጣ ይመስልሃል? ከውሃ ጠጪ ነው?" አሉኝ።

"እሱ ሥራ ነው።"

"የእሷስ?"

 መልስ ያጣ ሰው እንደሚያደርገው ተቆጣሁ። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ሄዱ። በሩ ላይ ጋሽ ታደሰ ዞር ብለው፣ "አንድ ጊዜ እንመለሳለን። ከዚያ በኋላ ግን በዚህ ደጅ አታየንም" አሉ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ያልኳት ቃል እነሱ መኪናቸውን ሳያስነሡ ወይዘሮ ዘውድነሽ ጆሮ ደርሳ ነበር።

ማታውኑ ሩት መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ስትናደድ ድምጿ ዝቅ ይላል፤ እናቷን ትመስላለች።

"ዳዲ፣ ሽማግሌ ሦስተኛ ሲመጣ ኖ ካልክ፣ እኔና ዳዊት ቻፕል ሄደን እናገባለን። ስትሪፕ ላይ ያለው። ፋይቭ ሚኒትስ ነው የሚወስደው።"

"እኔ ሳልኖር?"

"አንተ ኖ ካልክ፣ አዎ። ሶሪ።"

እነዚያን ቻፕሎች አውቃቸዋለሁ። ባለ ብልጭልጭ ሱፍ፣ ዊግ የደፋ ሰውዬ የሚያጋባባቸው ቤቶች ናቸው፤ ሙሽሮቹ ከነቬሏቸው ሲመጡ መኪናቸውን ያቆምኩላቸው እኔ ነኝ። ልጄ እዚያ ውስጥ፣ እኔ በሌለሁበት፣ ከዊግ ፊት ቆማ ስትምል ታየችኝ። ግን ግትር ነኝ። ለሦስተኛውም ቀጠሮ እምቢ ልል ቆርጬ ነበር።

በዚህ መሀል ነው ኬሊ የምትባል የፊልም ሠራተኛ በራችንን ያንኳኳችው። ቤታችን ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ውስጥ ነው፤ አሮጌ ሰፈር፣ አሮጌ ቤት። ጓሮው ውስጥ ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች የሠሩት የእንጨት ጋራዥ አለ። ባለቤቴ አስቴር አፍርሰው ስትለኝ ዓመታት አልፈዋል። ኬሊ ያን ጋራዥ ስታይ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እንባ ሊመጣት ምንም አልቀራት።

"ለአንድ ቀን እንከራየው። ፊልሙ ስለ ቤተሰብ ነው" አለችኝ።

"የቤተሰብ ፊልም?"

"ስለ አንድ አባትና ስለ ሦስት ልጆቹ። እስከ መጨረሻው አይከዳዱም።"

ደስ አለኝ። እሑድ ምስክርነት ሰጠሁበት። በዚህ በረከሰ ዘመን ስለ ቤተሰብ ፍቅር ፊልም የሚሠሩ ሰዎች መኖራቸውን ለምእመኑ ነገርኩ፤ አሜን ተባለ። ቀረጻው ሐሙስ ሊሆን ነበር። ሐሙስ ነፋስ ሆነና ወደ ቅዳሜ ተገፋ። ቅዳሜ ደግሞ ከምሳ በኋላ ሽማግሌዎቹ የሚመጡበት ቀን ነበር። ኬሊ፣ "ከምሳ በፊት ጨርሰን እንሄዳለን" ብላ ማለችልኝ። እኔም በልቤ ሐበሻ መቼ በቀጠሮው ይደርሳል ብዬ ተጽናናሁ።

ቅዳሜ ጠዋት የጭነት መኪኖቻቸው ከኋላ ባለው መተላለፊያ ገብተው ዕቃ ሲያራግፉ ጓሮ ወጣሁ። መጀመሪያ በርሜሎች ወረዱ። ከዚያ ጠርሙሶች፣ በሳጥን በሳጥን። ከዚያ አራት ሰዎች ተሸክመው አንድ ትልቅ የመዳብ ድስት አመጡ፤ ከአናቱ ቱቦ ወጥቶ እየተጠማዘዘ በርሜል ውስጥ ይገባል። አረቄ የሚወጣበትን ዕቃ ለማወቅ መጠጣት አያስፈልግም። የተወለድኩት አረቄ ቤት በበዛበት ሰፈር ነው።

"ኬሊ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"የቤተሰቡ ሥራ ነዋ!" አለችኝ በደስታ። "መጠጥ በአሜሪካ በታገደበት ዘመን በድብቅ አረቄ እያወጡ የሚሸጡ ቤተሰቦች ናቸው። ዛሬ የምንቀርጸው ፖሊስ ሲይዛቸው ነው።"

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። የቤተ ክርስቲያን መሪ በሆንኩት በእኔ ጋራዥ ውስጥ፣ በገዛ ፊርማዬ፣ አረቄ ተጣደ። ድስቱ ውስጥ ያለው ውሃ፣ እንፋሎቱም የማሽን መሆኑን ኬሊ ደጋግማ ነገረችኝ። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ውስጡ ያለው ሳይሆን ሰው የሚያየው ነበር።

አስቴርን ጠርቼ፣ "ሽማግሌዎቹ ቀድመው ከመጡ ሳሎን አስቀምጫቸው። ጓሮ ጥገና አለ በያቸው። ስለ ፊልሙ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ" አልኳት።

"ዋሽቼ?"

"ጥገና ነው እኮ። እየተጠገነ ነው።"

አስቴር የምታይበት አስተያየት አላት፤ ከዚያ በኋላ መጨቃጨቅ አያስፈልጋትም።

ምሳ ሰዓት አለፈ። ሰዎቹ አልጨረሱም። እንዲያውም በፊልሙ ውስጥ ለቤተሰቡ እሳት የሚያነድደውን ሠራተኛ ሆኖ ሊሠራ የነበረው ሰውዬ ሳይመጣ ቀረ። ዳይሬክተሩ፣ ጢሙን እየነጨ የሚመላለስ ወጣት፣ ሌላ ሰው እስኪመጣ ሁሉም ይጠብቅ አለ። እስከ ማታ ሊሆን ነው ማለት ነው። በሰዓቴና በመተላለፊያው መሀል እየተንቆራጠጥኩ ሳለ ዳይሬክተሩ አየኝና ቆመ። ለኬሊ አንድ ነገር ሹክ አላት።

"ጌታሁን፣ አንተ ብትሠራልንስ?" አለች። "የምትናገረው ነገር የለም። ጠርሙስ ይዘህ ትቆማለህ፣ ፖሊሶቹ ይገባሉ፣ እጅህን ታነሣለህ፣ ትንበረከካለህ፣ አለቀ። ወዲያው ዕቃችንን ጠቅልለን እንሄዳለን። ደግሞ ፊትህ ልክ ነው ይላል፤ ንጹሕ መስሎ የሚታይ ጥፋተኛ።"

ስድብ ይሁን ሙገሳ የማስብበት ጊዜ አልነበረኝም። ወዲያው እንሄዳለን ያለችው ብቻ ነው ጆሮዬ የገባው። እሺ አልኩ። አሮጌ ሱሪ ከነማንጠልጠያው አለበሱኝ፣ ፊቴን ከሰል ቀቡኝ፣ የተቀደደ ባርኔጣ ደፉብኝ፣ እጄ ላይ ጠርሙስ አስያዙኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የአረቄ ጠርሙስ የያዝኩት በዚያች ቅዳሜ ነው።

የረሳሁት አንድ ነገር ነበር። ጋሽ ታደሰ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። አውቶቡስ ነጂ የሐበሻ ቀጠሮ የሚባለውን አያውቅም።

በኋላ አስቴር እንደ ነገረችኝ፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጫጭ ጋቢያቸውን ለብሰው በፊት ለፊቱ በር በተባለው ደቂቃ ደረሱ። ነድተው ያመጧቸው ወይዘሮ ዘውድነሽ ነበሩ፤ የወንድ እናት ለሽምግልና ደጅ አትረግጥምና መንገዱ ላይ መኪና ውስጥ ቀሩ። አስቴር ሽማግሌዎቹን ሳሎን አስገብታ፣ "ጓሮ ጥገና አለ፣ አሁን ይመጣል" አለች። እነሱም እንደ ወጉ፣ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም ብለው ቆሙ። እሷ ወደ ማድ ቤት ገባች።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። ጋራዡ በር ላይ፣ የሐሰት እንፋሎት ዙሪያዬን እየተትጎለጎለ፣ ጠርሙሴን ይዤ ቆሜያለሁ። ካሜራው ከኋላዬ ጨለማው ውስጥ ነው። ዳይሬክተሩ ምልክት ሰጠ። ረጃጅም ካፖርት የለበሱ አራት ሰዎች ጠመንጃ ደግነው ከአጥሩ ጥግ ዘለው ገቡ፣ አንዱ ወደ ሰማይ ተኮሰ። የሐሰት ጥይት ነው ተብዬ ነበር፤ ድምፁ ግን ሐሰት አልነበረም። እጄን አንሥቼ ተንበረከክሁ። 

የጓሮው በር ተበርግዶ ሦስቱ ሽማግሌዎች ወጡ። አዩኝ። በርሜሉን አዩ፣ የመዳቡን ድስት አዩ፣ ጠርሙሱን አዩ፣ ጠመንጃውን አዩ። ቄሱ አማተቡ። ዝምተኛው የክርስትና አባት ከመጡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፍተው "ወይ ጉድ!" አሉ። ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

መናገር ፈለግሁ። ፊልም ነው ማለት ሁለት ቃል ነው። ግን ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። ያን ጊዜ ያሰብኩትን ልንገራችሁ፦ የፈራሁት እነሱ ስለሚያስቡብኝ ነገር ነበር። አለቀልኝ፣ ከዛሬ በኋላ በየሰፈሩ መሳቂያ ሆንኩ፣ ነበር ያልኩት። ሩት እንኳ ትዝ አላለችኝም።

ያኔ ነው ከሽማግሌዎቹ መሀል ነጠላዋ እየተጎተተ አንዲት ሴት የወጣችው። ወይዘሮ ዘውድነሽ ናቸው። ተኩሱን ሰምተው ከመኪናቸው ዘለው ወርደው፣ በፊት በር ገብተው፣ ሳሎኑን አቋርጠው ነው የመጡት። አንድ ጊዜ ድስቱን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ብልጭ ሲል አየሁ፤ ፈገግታ ይመስላል። ከዚያ ቀጥ ብለው መጥተው በእኔና በጠመንጃው መሀል ቆሙ።

"ኖ! ኖ! ማይን!" አሉ፣ አረቄው የእኔ ነው ለማለት ደረታቸውን እየመቱ። "ኦል ማይን! አይ ኩክ! ሂ ቸርች ማን! ሂ ኖ ድሪንክ!"

ፖሊስ ሆኖ የሚሠራው ተዋናይ ግራ ገባው። ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ስለሆነ፣ የቀረጻ ማቆሚያው "ካት" ሳይባል ከገጸ ባሕሪው አልወጣም። "ማም፣ ስቴፕ ባክ!" ብሎ ጠመንጃውን ወዘወዘ።

ወይዘሮ ዘውድነሽ ወደ ኋላ አላሉም። ሁለት እጃቸውን አጋጥመው ዘረጉለት። "ቴክ ሚ" አሉ። ዘወር ብለው ደግሞ በአማርኛ፣ በጥርሳቸው መሀል፣ "ዝም በል አንተ፣ ጠርሙሱን ጣለው እንጂ!" አሉኝ። እርስዎ የሚለው ወግ እንኳ ቀርቶ ነበር።

ጋሽ ታደሰም ከኋላቸው መጥተው ለፖሊሱ እጅ ነሡ። "ሰር፣ ፕሊስ። እኛ ሽማግሌዎች ነን። ይሄ በእርቅ ያልቃል" አሉት፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በአማርኛ። መጠጥ በታገደበት ዘመን ያሉ የአሜሪካ ፖሊሶች ሐበሻ ሽማግሌ ሲለምናቸው የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።

"ካት!" አለ ዳይሬክተሩ። በዚያው ቅጽበት አስቴር ከነትሪዋ በሩ ላይ ደርሳ፣ "ፊልም ነው! ኧረ ፊልም ነው!" ብላ ጮኸች። መብራት በራ። ከጨለማው ውስጥ ካሜራ፣ ሽቦ፣ ሃያ የሚሆን ሰው ብቅ አለ። ማንም አልሳቀም። ፖሊሱ ጠመንጃውን መሬት አስቀምጦ ወይዘሮ ዘውድነሽን "አር ዩ ኦኬ?" አላቸው።

እሳቸው ሰዉን ሁሉ ዞረው አዩ። የተዘረጉ እጆቻቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡ። "ልብሳቸው አሮጌ ነው ብዬ ነበር እኮ" አሉ ለራሳቸው። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው በመጡበት መንገድ ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ከነከሰሌ፣ ከነማንጠልጠያዬ ተከተልኳቸው። መኪናው ውስጥ መሪውን ይዘው ተቀምጠዋል። መስኮቱን ዝቅ አደረጉልኝ።

"ወይዘሮ ዘውድነሽ፣ ለምን?" አልኩ።

"ምኑን ለምን?"

"ስለ እርስዎ ያልኩትን ሰምተዋል።"

"ሰምቻለሁ። ጆሮ አለኝ።"

"ታዲያ እውነት ከመሰልዎት ደስ ሊልዎት አይገባም ነበር?"

"ብሎኛል እንጂ!" አሉ፣ ሳቅም ሲቃም በሆነ ድምፅ። "ከበሩ እርስዎ ዘንድ እስክደርስ ድረስ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ሰዳቢዬ ራሱ አረቄ ጥዶ ተያዘ ብዬ። ከዚያ ሩት ትዝ አለችኝ። አባቷ ታስሮ ማን ይድራታል?"

"እርስዎስ ቢታሰሩ?"

"የወንድ እናት ብትጎድል 'ታማለች' ይባላል። የሴት አባት ከጎደለ ግን ሰርግ አይደለም።"

 አለቀስኩ። ከሰሉ በጉንጬ ላይ ሲወርድ ይሰማኝ ነበር፤ እሳቸው የነጠላቸውን ጫፍ በመስኮቱ አውጥተው ሰጡኝና ጠረግሁበት። ነጠላው ጠቆረ። "ይታጠባል" አሉኝ።

በሩን ከፍቼ ወደ ቤት ይዣቸው ገባሁ። የወንድ እናት ለሽምግልና ደጅ አትረግጥም የሚለው ወግ በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ ፈረሰ። ሽማግሌዎቹ ሳሎን ውስጥ በየጋቢያቸው ቆመው እየጠበቁኝ ነው። ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "እንግዲህ፣ ለሦስተኛ ጊዜ የመጣነው..." ብለው ሲጀምሩ፣

"ሰጥቻለሁ" አልኩ።

"ቆይ! ገና አልተናገርኩም።"

"ይናገሩ አይናገሩ ሰጥቻለሁ።"

"እንዲህ አይባልም!" ብለው ተቆጡ። "ሥርዓት አለው። ሳምንቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነው። መጀመሪያ ትንሽ አንገራግር!"

ትንሽ አንገራገርኩላቸው። ንግግራቸውን እስከ መጨረሻው ተናገሩ፤ እውነትም ያማረ ንግግር ነበር። ከዚያ ተቀመጡ። ሩትን ደወልኩላት። "ዳዲ፣ ኖ ነው የስ?" ስትለኝ "የስ" ማለት አቅቶኝ ስልኩን ለወይዘሮ ዘውድነሽ ሰጠኋቸው።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ አረቄ መጠጣት ጀመረ ብላችሁ እንዳትጠብቁኝ። ዛሬም አልቀምስም። መጠጥ ሰው እንደሚያጠፋ ዛሬም አምናለሁ፤ ቤት ሲያፈርስ አይቻለሁ። የተለወጠው ሌላ ነው። ያን ቀን ከአንድ ጥፋት ፊት ሁለት ሰዎች ቆመን ነበር። ንጹሑ እኔ ስለ ስሜ ብቻ ሳስብ፣ ጥፋተኛዋ ሴትዮ ስለ ልጄ አሰቡ። እኔ እጄን ያነሣሁት ራሴን ላድን ነው፤ እሳቸው እጃቸውን የዘረጉት የሰደባቸውን ሰው ለማዳን ነው። እናንተም ይሄኔ በልባችሁ መዝገብ "አይሆንም" ብላችሁ የዘጋችሁበት ሰው ይኖራል። የዚያን ሰው ማንነት የምታዩበት ቀን እንደኔ በአደባባይና በከሰል ፊት እንዳይሆንባችሁ እመኛለሁ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ኬሊ ያን ቅጽበት የሚያሳይ ፎቶ ለማስታወሻ ብላ ላከች። ሩት ደስ ብሏት ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው። እኔ ጠርሙስ ይዤ ተንበርክኬያለሁ፣ ወይዘሮ ዘውድነሽ ፊቴ ቆመው እጃቸውን ዘርግተዋል። በሳምንቱ የቤተ ክርስቲያናችን መሪዎች ጠሩኝ። ስንቱን ሰው በዚያው ክፍል አስቀምጠን አብረን የጠየቅን ወንድሞች ናቸው። አሁን ወንበሩ ተቀይሮ እኔ በወዲህ በኩል ተቀመጥኩ።

ሰብሳቢው ፎቶውን ስልኩ ላይ እያሳየኝ፣ ቀስ ብሎ፣ "ወንድም ጌታሁን፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረን። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?" አለኝ።

መልሱ አንዲት ቃል ነበረች። "ውሃ" ብል ሁላችንም እፎይ ብለን፣ ጸልየን እንለያይ ነበር። ቃሏ አፌ ላይ ደርሳ ነበር። ግን ፎቶውን አየሁት።

"እኚህን ሴትዮ ታያቸዋለህ?" አልኩት። "እሳቸው ምን እንዳለበት አልጠየቁኝም።"